ቦቢ አላበደም

ፍልሰታ ላይ ነው። እማዬ ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ቦቢ ጥርሱን አሳያት። ነጠላዋን እንደተከናነበች የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ገባች። እሱ ከተኛበት ብድግ ብሎ አንገቱን ዝቅ አደረገና አጉረመረመባት። ቡችላ እያለ በካርቶን ተሸክማ ያመጣችው እሷ ናት። 13 ዓመት ሙሉ ያበላችውም እሷ ናት። «ቦቢ! እኔ ነኝ እኮ!» አለችው። ድምፅዋን ይስማ ጠረኗን ያሽት እንጃ፣ ጅራቱን እግሩ መሀል ከቶ ሸሸና ከሮቶው ጀርባ ተወሸቀ።

ጎረቤታችን ጋሼ ይህን ሁሉ ከበራቸው ላይ ቆመው አይተዋል። ከሰዓት ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ ነገሩን ዘጉት። «ይሄ ውሻ አብዷል። ሰው ሳይነክስ አስወግዱት።» እማዬ ሲኒ እየደረደረች ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ቦቢ ጅራቱን ከሚቆላላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱም እሳቸው ናቸው።

ግን ነገሩ ከነከነኝ። የውሻ እብደት እኛ ሀገር ዛሬም ሰው ይገድላል። ስለዚህ አንድ ውሻ አብዷል ከተባለ ማንም ቆሞ «እንዴት?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚፈለገው ዱላ ነው። ጋሼ ያሉትን የሰፈር ጎረምሶች ቢሰሙ ቦቢ ከበር ወጥቶ በደህና የሚመለስ አይመስለኝም።

ደግሞ ወሬውን ውሸት ነው ብዬ እንዳልተወው ውሻው በእርግጥ ተለውጧል። ሌሊት ይዞራል። ከበሩ ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ በሩ። ጥፍሩ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ከአልጋዬ ሆኜ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ አጥሩ ጥግ ሄዶ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ይቆማል። ለምን እንደሄደ የጠፋበት ይመስላል። ሲጠሩት አይሰማም፤ ከኋላው ሲነኩት ይዘላል። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ነው፤ ጅብ ከእንጦጦ በኩል ይወርዳል። ቦቢ ድሮ ጅቡን ከሩቅ ሰምቶ ሰፈሩን ይቀሰቅስ ነበር። አሁን የሌሎቹ ውሾች ጩኸት ካበቃ በኋላ ነው ብድግ ብሎ የሚጮኸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እኛ ቤት ደረሰ ብለን እንስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው እማዬ ላይ ያጉረመረመ ዕለት ነው።

የጅራፍ ወር

ክረምት ለፈሪ ውሻ አይመችም። ሰኔ ሲገባ ነጎድጓዱ ይመጣል። ሐምሌ ላይ ልጆች ጅራፍ መግመድ ይጀምራሉ። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ነው ብሎ እስከዚያ የሚታገሥ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ልምምዱ ሳምንታት ቀድሞ ነው። ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ ደመራ፣ ሁለቱም ከነርችታቸው።

ጅራፍ ደግሞ ቀላል ድምፅ አይደለም። ጧ የሚለው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ስለሚሄድ ነው። የጦር አውሮፕላን ሰማዩን ሲሰነጥቅ የሚሠራውን ነገር የእኛ ሰፈር ልጅ በቃጫ ገመድ በራችን ላይ ይሠራዋል ማለት ነው።

የሚገርመው ግን ቦቢ በወጣትነቱ ለጅራፍ ደንታ አልነበረውም። ልጆቹ በራችን ፊት ለፊት ሲያስጮኹ እሱ ፀሐይ ላይ ተዘርሮ ይተኛል። ቢበዛ አንድ ጆሮውን ያነሣ ነበር። ፍርሃቱ አሁን በስተርጅና የመጣ ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የጆሮው ነገርም አለ። ውሻ እስከ 45 ሺህ ኸርዝ የሚደርስ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ የሰው ጆሮ 20 ሺህ ላይ ያበቃል። ውሻ ሲያረጅ ቀድሞ የሚጠፋበት ያ ቀጭኑ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቦቢ የበሩን ሲጥሲጥታ አይሰማም፤ ኮቴያችንን አይሰማም፤ ነጎድጓዱን ግን ይሰማል። ድሮ ሰው ሲመጣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ያውቅ ነበር። አሁን ሰው ድንገት አጠገቡ ይበቅልበታል። ድምፅም ከጸጥታ መሀል ይፈነዳበታል።

የቦቢን ቤት ደግሞ እዩት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ሲወርድ ከውስጥ ምን እንደሚሰማ ለማወቅ ጭንቅላቴን አስገብቼ አዳመጥኩ። ጋሼ ቢያዩኝ እኔንም «አብዳለች» ይሉኝ ነበር። ከበሮ ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጭድ ሞልተን ጣሪያው ላይ ደረብንበት፤ ላስቲክ አለበስነው። በጣም ቀነሰ። ብዙ ገንዘብ አልፈጀም፤ ማንም ግቢው ውስጥ ሊሠራው ይችላል።

ምክር መቼም ሞልቷል። አንዱ «ፈሪ ውሻ ምን ይሠራላችኋል፣ ቡችላ አምጡ» ይላል። ሌላው «ሲፈራ አታባብሉት፣ ይለምድበታል» ይላል። ይሄ ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚያምነው ነው፤ ልክ ግን አይደለም። ውሻ መፍራትን እንደ ትርኢት ተምሮ አያሳይም። የፈራ ውሻ አጠገብ ቁጭ ማለት፣ ጀርባውን ቀስ አድርጎ መዳሰስ ፍርሃቱን አያባብስም። የሚያባብሰው ቁጣ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰንሰለት ነው። በርችት ማታ የታሰረ ውሻ ራሱን ሊያንቅ ይችላል።

«እስቲ ይራመድ»

የእንስሳት ሐኪም ወደ ቤታችን አስጠራን። ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማረ ወጣት ነው። ያ ኮሌጅ ከተከፈተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ለላምና ለበሬ፣ ለዶሮና ለበግ ነው የሚዘጋጁት፤ የከብት ሀገር ነንና አይፈረድም። የውሻ ሐኪም ለማግኘት ግን ሰው ጠይቆ፣ ስልክ ተቀባብሎ ነው። እኛም ያገኘነው እንደዚያ ነው።

ከበር ሲገባ ቦቢን አልነካውም። መጀመሪያ የጠየቀው የክትባት ካርዱን ነው። እማዬ ካርዱን የምታስቀምጠው ከመብራትና ከውኃ ደረሰኝ ጋር በአንድ ፌስታል ነው። ፈትታ አወጣችለት። ቀኑን አየ፤ ገልበጥ አድርጎ ያለፈውን ዓመትም አየ።

«ጠባዩ ከተለወጠ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ ነው፣ ልጄ» አለች እማዬ።

«እንግዲያው እብደት አይደለም።»

እብደት ምልክቱን ካሳየ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። ውሻው ቢበዛ በ10 ቀን ገደማ ይሞታል። ሰው የነከሰ ውሻ ተዘግቶበት ለ10 ቀን እንዲታይ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ከፋሲካ እስከ ነሐሴ አብዶ የኖረ ውሻ የለም። እዚህ ላይ ግን ማንም እኔን አይቶ እንዳይዘናጋ። ያልተከተበ ወይም ክትባቱ የማይታወቅ ውሻ በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ አይቀረብም። የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በዚህ ነገር ቀልድ የለም። ቦቢን ያተረፈው የኔ ፍቅር አይደለም፤ ያቺ በፌስታል የተቀመጠች ካርድ ናት።

«እስቲ ይራመድ» አለ ሐኪሙ።

ከበሩ እስከ ማድ ቤት አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ከኋላ ያያል። «አሁን መልሺው።» ተመለስን። ቦቢ ሲዞር ባለበት እጥፍ አላለም፤ እንደ ጭነት መኪና ሰፋ አድርጎ ዞረ። በረንዳው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሁለት ደረጃ ነው ያለው። ደረጃውን አየው፤ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ያስታወሰ መስሎ ወደ ሮቶው ሄደ። ይሄን በየቀኑ ያደርገዋል። ጠባዩ ነው ብለን ለምደነዋል።

ከዚያ ሐኪሙ እጁን ከአንገቱ ጀምሮ በጀርባው ላይ ቀስ አድርጎ አወረደ። ወገቡ ላይ ሲደርስ ጫን አለ። የግራ የኋላ እግሩን ይዞ ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። እኔ ጩኸት ጠበቅኩ። ቦቢ አልጮኸም። አላጉረመረመም። ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ላሰ። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሲያለከልክ የነበረው አፉን ገጠም አደረገና ትንፋሹን ያዘ።

«ይኸው» አለ ሐኪሙ። «እያመመው ነው። ሁለቱም ዳሌው። ውሻ ሲያመው ይጮኻል ብላችሁ አትጠብቁ።»

እማዬ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ታዲያ እኔ ላይ ምን አስቆጣው? እኔ ምን አደረግኩት?»

«ማዘር፣ ያን ዕለት በድንገት ነው የመጡበት አይደል? ተከናንበው? ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ደክሟል። ሰው አጠገቡ ሲደርስ ደንግጦ ብድግ ይላል። ብድግ ሲል ዳሌው ይወጋዋል። እርስዎን አይደለም የፈራው። የሚመጣበትን ሕመም ነው።»

እማዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለሰፌዱ የምትነግር ይመስል፣ «እኔም እኮ ጉልበቴ የባሰብኝ ሰሞን የልጆች ሩጫ ስሰማ እደነግጣለሁ» አለች። «የሚገፉኝ ይመስለኛል። ድሮ ልጅ ሲሮጥ ደስ ነበር የሚለኝ።»

ሐኪሙ ከቦቢ ላይ ቀና ብሎ አያት። «እንደዚያው ነው» አለ።

ያን ቀን ሌላው ንግግር ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ ይሄ ግን አልወጣም። ቦቢ በስተርጅናው ጅራፍ ለምን ፈራ የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያ ሰፌድ ላይ ነበር። በኋላ ሳነብ ነገሩ የተጠና ሆኖ አገኘሁት። የእንግሊዝና የብራዚል ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ድምፅ የሚፈሩ 20 ውሾችን አነጻጽረው አሳትመዋል፤ ግማሾቹ የጡንቻ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ትንሽ ጥናት ነው። ግን ሕመም ያለባቸው ውሾች መፍራት የጀመሩት ከሌሎቹ በአማካይ 4 ዓመት ገደማ ዘግይተው ነው። ሰበቡ ሲያዩት ቀላል ነው። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ሰውነት ይኮማተራል። የታመመ መገጣጠሚያ ሲኮማተር ያማል። ውሻው ሁለቱን አያይዞ ይይዛቸዋል፤ ድምፁን ሕመሙ ያመጣው ይሁን ሕመሙን ድምፁ ያመጣው መለያ የለውም። ከዚያ ድምፁ የተሰማበትን ቦታ ሁሉ መፍራት ይጀምራል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ውሻ ደግሞ መደበቅ ተፈጥሮው ነው። የሚደብቀውን በፍርሃት፣ በቁጣ፣ በመሸሽ ያወጣዋል። እኛ ደግሞ ያየነውን እንዳለ ወስደን ጠባይ እናደርገዋለን። ፈሪ ሆነ፣ ክፉ ሆነ፣ አበደ። ይሄ በውሻ ብቻ የሚቆም አይመስለኝም። እማዬ ለቅሶ ቤት ብዙ መቀመጥ ከተወች ቆይታለች፤ ዘመድ ሁሉ «ሰው ጠላች» ይላታል። ዝቅ ያለው ወንበር ላይ ከተቀመጠች እንዴት እንደምትነሣ ያየ ሰው ግን የለም።

ሁሉም ነገር ሕመም ነው ማለቴም አይደለም። ያ ሌሊት መዞር፣ ያ ግንብ ላይ ማፍጠጥ ከአንጎል እርጅናም ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ ውሻ አንጎል ውስጥ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚታየው ዓይነት ፕሮቲን ይጠራቀማል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ11 እስከ 12 ዓመት ካላቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ካላቸው ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ የመዘንጋት ምልክት አሳይተዋል። የሐኪሙ ምክር ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ ሕመሙን እናስታግስ፤ ከዚያ የሚተርፈውን እናያለን። እስከዚያ ሌሊት አንድ አምፖል ይብራለት፤ ሳህኑና መኝታው ከቦታቸው አይነቃነቁ፤ ቀን ቀን ትንሽ ይንቀሳቀስ።

ሽንኩርት የሌለው ወጥ የት ይገኛል?

ማስታገሻ ከመጀመሩ በፊት ደም ተወሰደ፤ ኩላሊቱና ጉበቱ መታየት አለበት። ውጤቱን ስንጠብቅ ጋሼ መጡ። የዳሌውን ነገር ሰምተው አዝነዋል። ከኪሳቸው የራሳቸውን ዲክሎፌናክ አወጡ። «ይቺን ግማሿን በሥጋ ጠቅልላችሁ ስጡት። እኔን ያቆመችኝ እሷ ናት።» እማዬ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀብላ፣ አመስግና፣ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። እስካሁን እዚያው ያለች ይመስለኛል።

የሰው ማስታገሻ ለውሻ መርዝ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራውን ያቆስላሉ፤ ኩላሊቱን ይጥላሉ። ፓራሲታሞል ጉበቱንና ደሙን ይመታል። ለውሻ የተሠራ አለ፤ መጠኑም በክብደቱ ነው። ትንሽ ብትሆን ምን ታመጣለች የሚባለው አይሠራም።

ከኪኒኑ ይልቅ ቤታችንን ያተራመሰው ምግቡ ነው። ቦቢ ዕድሜውን ሙሉ የበላው የእኛን ትርፍ ነው፤ እንጀራ በወጥ። ሐኪሙ «ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይንካ፣ ተቀቅሎም ቢሆን» ሲል እማዬ ሳቀች። «ልጄ፣ ሽንኩርት የሌለው ወጥ የት አለ?» እውነቷን ነው። ግን ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ቀስ በቀስ ደም ያሳንሰዋል። ለወጣት ውሻ ያለፈለት ላረጀ ላያልፍለት ይችላል። ፍልሰታ ስለነበር ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሽሮና ምስር ብቻ ነው፤ ሁለቱም በሽንኩርት። ስለዚህ የቦቢ ድስት ለብቻው ተጣደ። ሩዝ፣ ድንች፣ ሥጋ ቤት ሲገኝ ሳንባ። በጾም ሳንባ ፍለጋ መዞር ምን ዓይነት ዓይን እንደሚያሰጥ የሞከረ ያውቀዋል። ስለ ቸኮሌትም አስጠንቅቆናል፤ እኛ ቤት ለሰውም ስለማይተርፍ አልሠጋሁም።

ሰው አንዴ መጨነቅ ከጀመረ ማብቂያ የለውም። ዓይኑ ሰማያዊ ጉም ሲመስል ሞራ መስሎኝ ነበር፤ ሐኪሙ በመብራት አየና የዓይኑ ሌንስ በዕድሜ መጠንከሩ እንደሆነ ነገረን፤ አይታወርም። ጎኑ ላይ ያለችው እብጠት በመርፌ ተወስዳ ታየች፤ ስብ ናት። በእጅ ዳሰስ አድርጎ «ስብ ነው» ማለት ግን አይቻልም። እኔ ሌሊት እየተነሣሁ እየተነፈሰ እንደሆነ ማየት ጀመርኩ። ሐኪሙ ይሄን ሲሰማ፣ «እንግዲያው ከተነሣሽ አይቀር ቁጠሪው» አለኝ። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ30 በታች ከተነፈሰ ደህና ነው። በተደጋጋሚ ከዚያ ካለፈ ይደወላል። ውኃውንም በሁለት ሊትር ሃይላንድ እየለካሁ ነው የምሞላው። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ያህል የተለመደ ነው። 100 ካለፈ ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ደግሞ ጭንቀቴ ቁጥር ሲያገኝ ቀለል አለኝ፤ ለእኔ የታዘዘ መድኃኒት ሳይሆን አልቀረም።

ግቢውም ተለወጠ። ጥፍሩ ተቆረጠ። ሲሚንቶው ላይ እንዳያንሸራትተው አሮጌ ምንጣፍ ተነጠፈ። ደረጃው ላይ ጣውላ ተጋደመ። እማዬ ከበር ስትገባ ከዘራዋን መሬት ላይ ኳ ኳ ታደርጋለች። ቦቢ ንዝረቱን በእግሩ ይሰማዋል መሰለኝ፣ ቀና ይላል። ነጠላዋንም ከራሷ ላይ አውርዳ ነው የምትገባው።

የዋዜማው ድርድር

ማስታገሻው በሠራ ሰሞን ለውጡ ታየ። ይዞራል፤ ግን አጭር ነው። ደረጃውን ይወጣል። ርችት ግን ርችት ነው። ሐኪሙ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚሆን ሌላ ኪኒን ሰጠን፤ ድምፁ ከመጀመሩ ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት የሚዋጥ። ከተንቀጠቀጠ በኋላ ብትሰጡት ብዙ አይጠቅምም አለን።

ማደሪያው ማድ ቤት እንዲሆን ተስማምተን ነበር። ቦቢ ዋናው ቤት ገብቶ አያውቅም። ሥዕለ አድኅኖ አለ፤ ዕጣን ይታጠናል፤ ውሻ አይገባም። በዚህ ላይ እማዬን የሚከራከር ሰው ቤታችን ውስጥ አልተወለደም። ርችቱ ሲጀምር ግን የማድ ቤቱ ቆርቆሮ አስተጋባ። ቦቢ በሩን መቧጨር ጀመረ። እማዬ ከሶፋው ላይ ትሰማለች። አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ሥዕሉ ታያለች።

«ኮሪደሩ ላይ ሥዕል የለም» አለች በመጨረሻ።

«የለም» አልኩ።

«ሳሎኑን ዝጊው። በኮሪደሩ በኩል ይግባ።»

ገባ። መሬቱን እያሸተተ፣ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ጥጉን ይዞ ተኛ። እማዬ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገች፤ የበዓሉ ዝግጅት ጩኸት የውጭውን ዋጠው። ተንቀጠቀጠ፤ ግን እንደፈራሁት አልሆነም። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ሽንቱን ሸንቶ አገኘነው። እማዬ ምንም ሳትል በረኪና አምጥታ አጠበችው።

ጋሼ «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉ ሲመጡ ኮሪደሩ ላይ ሊረግጡት ለጥቂት ተረፉ። «ይሄ ውሻ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዳሌውን ያመዋል» አለች እማዬ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም።

የማንስማማበት

ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ነግሮን ነበር። ቀን ይመጣል አለ። ምግብ እምቢ ሲል፣ በራሱ መነሣት ሲያቅተው፣ ሰው ሲያይ ጅራቱ ሲተኛ። ያኔ ደውሉልኝ፤ ሳይሠቃይ አስተኛዋለሁ። እማዬ ይሄን ስትሰማ ሰፌዷን አንሥታ ገባች። እሷ ዘንድ ነፍስ የሰጠ ነው የሚወስድ። እኔ ደግሞ ሥቃዩን እያየሁ እጄን አጣጥፌ መጠበቅ አልችልም። ተነጋግረንበታል፤ አልተስማማንም። የምንስማማ አይመስለኝም። እስካሁን የደረስንበት አንድ ነጥብ ቢኖር፣ ያ ቀን ሲመጣ ሐኪሙ መጥቶ ሕመሙን ያስታግስለት፤ ሌላው ያኔ ይታያል የሚል ነው። እኔ «ያኔ ይታያል» የሚለውን አልወደድኩትም። እሷም የኔን አልወደደችውም።

የቡችላው ጉዳይም አልቀረም። ጋሼ ደህና ዘር አግኝቻለሁ እያሉ ነው። ግቢው ጠባቂ ይፈልጋል፤ ልክ ናቸው። ቡችላ ግን ቀኑን ሙሉ የሚዘለው ሽማግሌው ወገብ ላይ ነው። ለጊዜው የጋሼ ውሻ ለሁለታችንም ይጮኻል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ፣ ቦቢ አሁን ሳይጮኽ ይበላል። ይሄን ለእማዬ ስነግራት «ይብላ፤ ቀድሞ ከፍሎበታል» አለች።

ደመራ ደርሷል። የርችት ማታውን ኪኒን እንዲያመጣልን ለሐኪሙ ደወልኩ። እማዬ ስልኩን ከእጄ ተቀበለችና የራሷን ጠየቀች። ለመስቀል አንድ አጥንት ብቻ ይቻል እንደሆነ። አይቻልም ተባለች፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰብሮ አንጀቱን ይወጋል። መረቁስ? ሽንኩርት ከሌለው፣ ስቡ ከተገፈፈ ይቻላል። ጨውስ? እሱም ይቅር። «እንግዲህ ምኑን መረቅ ሆነ!» አለች። ስልኩን መለሰችልኝና ትንሿን ድስት ፍለጋ ማድ ቤት ገባች።